በ2,500 ዶላር የ1976 ኤምጂቢ ማሻሻል፦ ገንዘቡ መጀመሪያ የት ይግባ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። በቅርቡ ኤምጂቢ የሚባለውን የእንግሊዝ መኪና፣ የ1976ቱን፣ ጣሪያው የሚታጠፈውን፣ በ3,800 ዶላር ገዛሁ። ጥቁር የጎማ ፓራውልት (ባምፐር) ያለው ነው። ይነሳል፣ ይሄዳል፤ ግን ጉልበት የለውም። ኩርባ ላይ ደግሞ ወደ አንድ ጎኑ በጣም ያዘነብላል። ለማሻሻያ የያዝኩት 2,500 ዶላር ነው፤ እሱንም በአንድ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የማወጣው። ሥራውን ራሴ መሥራት እፈልጋለሁ። ቁልፍ መያዝ አይቸግረኝም፤ ብየዳ ግን አልችልም። አንዱ ጓደኛዬ ዌበር የሚባለውን ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ) ግጠምበት ይለኛል፤ ሌላው ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ሞተር ቀይርበት ይላል። የማዝዳ ሚያታ ወንበር ይገባል ሲሉም ሰምቻለሁ። እርስዎ ከየት ልጀምር ይሉኛል?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። መልሱን ከፊት ላስቀምጥልህ። ከገንዘብህ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መኪናው በደንብ እንዲቆምና በደንብ እንዲታጠፍ ይውላል። አምስት መቶ ዶላር ገደማ ያለውን ሞተር ጤናውን ለመመለስ መድብ። ሌላ አራት አምስት መቶ ዶላር ሳትነካው አስቀምጥ፤ አሮጌ መኪና ውስጥ ያልታሰበ ወጪ አይጠፋምና። ዌበሩ ይቅርብህ። ቪ8ቱ በዚህ በጀት አይታሰብም። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ሳንቲም ሳታወጣ የምታየው ነገር አለ። እሱም ዝገት ነው።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ስለያዝከው መኪና ትንሽ ላውራህ፤ ምክሬ ሁሉ ከዚህ ነው የሚመነጨው። ኤምጂቢ እንግሊዝ አገር፣ አቢንግደን ከተማ ከ1962 እስከ 1980 ተሠርቷል። ከ500 ሺህ በላይ ወጥቷል፤ አብዛኛውም የተሸጠው አሜሪካ ነው። መለዋወጫው ዛሬም እንደ ልብ የሚገኘውና ዋጋው የማይሰቀለው ለዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች 1,798 ሲሲ ሞተር ላይ ሁለት ኤስዩ ካርቡራተር ነበራቸው፤ ጉልበታቸውም 95 ፈረስ ተብሎ ይጻፍ ነበር። በ1970ዎቹ የአሜሪካ የጭስ ሕግ ሲጠብቅ ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም ሞተሩ የአየርና የቤንዚን ድብልቁን የሚጨምቅበት መጠን፣ ወደ 8 ለ 1 ወረደ። ሁለቱ ካርቡራተሮች ወጥተው በምትካቸው አንድ ዜኒት ስትሮምበርግ ገባ። ለአሜሪካ የሚላኩት የመጨረሻዎቹ መኪኖች ጉልበት ወደ 62 ፈረስ ገደማ ወረደ። በመሃል የአለካኩ ዘዴም ስለተለወጠ ልዩነቱ በሙሉ እውነተኛ ጉድለት አይደለም። ቢሆንም ቀላል አይደለም።

የፓራውልት ሕግም መጣ። የፓራውልቱ ከፍታ ሕጉ ከሚለው ጋር እንዲገጥም ከ1974 መጨረሻ ጀምሮ መኪናው በ1.5 ኢንች ገደማ ከፍ ተደረገ። ያ ሳያንስ ወጪ ለመቆጠብ የፊቱን ስታብላይዘር አወጡት። መኪናው ከፍ ብሎ፣ ማዘንበሉን የሚይዝለትም ብረት ሳይኖረው ወጣ። ስህተቱ ስለገባቸው ለ1977 ከፊትም ከኋላም ስታብላይዘር ገጠሙለት። ያንተ መኪና የወጣው በዚያ መሃል ባለው ጊዜ ነው። ኩርባ ላይ የሚያዘነብለው አንተ ስላበላሸኸው አይደለም፤ ከፋብሪካው ሲወጣም እንደዚያ ነበር። ደስ የሚለው፣ ችግሩ የታወቀ ነው፤ መፍትሔውም ፋብሪካው ራሱ በፊትም በኋላም በሠራቸው ዕቃዎች ውስጥ አለ። አንተ የምትሠራው አዲስ ነገር መፍጠር ሳይሆን የተወሰደበትን መመለስ ነው።

አሁን ወደ ዝገቱ። ኤምጂቢ ለብቻው ቻሲ የለውም፤ ቦዲው ራሱ ነው የሚሸከመው። ያንተ ደግሞ ጣሪያ ስለሌለው አብዛኛው ጥንካሬው ያለው በበሮቹ ስር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ በሚሄደው የላሜራ ሳጥን ላይ ነው። እንግሊዞቹ «ሲል» (sill) ብለው ይጠሩታል። ሳጥኑ ከውጭ የምታየው ላሜራ ብቻ አይደለም፤ መሃሉ ላይ የቆመ ላሜራና ከስር የሚዘጋው ክፍልም አለው። ከውጭ ቀለሙ ያብረቀርቅና ውስጡ በልቶ ያልቃል።

እንዲህ አድርገህ እየው። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልል፤ ቀለም እንዳይቧጭርብህ። ከፊት ጎማው ኋላ ጀምረህ በበሩ ስር እስከ ኋላ ጎማው ድረስ ቀስ እያልክ አስኪደው። ማግኔቱ እየያዘ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ ከለቀቀ እዚያ ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። ቦታውን በቴፕ ምልክት አድርግበት። ከዚያ ከስር ገብተህ የሳጥኑን የታች ጠርዝ በትልቅ ካቻቢቴ ተጫነው። ጤነኛ ብረት ዝም ይላል። የበሰበሰው ይንኮሻኮሻል፤ አንዳንዴም ካቻቢቴው ሰተት ብሎ ይገባል። ቀጥሎ በሮቹን ዝጋና በበሩ የኋላ ጠርዝና በቦዲው መካከል ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች ተመልከት። መኪናውን በክሪክ ስታነሳው ያ ክፍተት ከተለወጠ፣ ወይም በሩ ለመክፈት ካስቸገረ፣ ቦዲው እየታጠፈ ነው።

ይህ ከሆነ እቅዱ በሙሉ ይለወጣል። 2,500 ዶላሩ ለብየዳ ይሄዳል፤ ሌላው ሁሉ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል። መራራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን በተበላ ቦዲ ላይ የሚገጠም ስታብላይዘርም ሆነ ካርቡራተር ገንዘብ ማባከን ነው። አደጋ ቢያጋጥምህ ደግሞ ጎንህን የሚጠብቅህ ያ ሳጥን ነው። በያጅ ስትፈልግ ሁለት ነገር ጠይቀው። አንደኛ፣ በተበላው ላይ አዲስ ላሜራ ይለጥፋል ወይስ ቆርጦ ያወጣል? ይለጥፋል ካለህ አመስግነህ ውጣ። ሁለተኛ፣ ከመቁረጡ በፊት የበሩን ክፍተት በብረት ይወጥራል? ሳይወጠር የተቆረጠ ኤምጂቢ ይታጠፋል፤ በሩም ከዚያ በኋላ በትክክል አይዘጋም።

ስለ ክሪክ ካነሳን፣ የመኪናውን የራሱን የክሪክ ቦታ አትመነው። እሱም ያለው እዚያው ሳጥን ላይ ነው። ከፊት በወፍራሙ የፊት መስቀለኛ ብረት፣ ከኋላ በዲፈረንሻሉ አንሳው፤ ከዚያ ጠንካራ መቆሚያ ስጠው። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር ለአንዲት ደቂቃም እንዳትገባ። በዚህ ጉዳይ ድርድር የለም።

ቦዲው ደህና ነው እንበል። የመጀመሪያው ገንዘብ ወደ ፍሬን ይሄዳል። አምስት መቶ ዶላር ያዝለት። ፊት ዲስክ፣ ኋላ ታምቡር ነው። ዲስኩ 10.75 ኢንች ስለሆነ ለዚህ ክብደትና ለዚህ ሞተር ይበቃል፤ ትልቅ የፍሬን ኪት ሊሸጥልህ የሚሞክር ሰው አይጥፋ እንጂ አያስፈልግህም። የሚያስፈልግህ ያለው እንደ አዲስ እንዲሠራ ነው። ሦስት የጎማ ቱቦዎች አሉ፤ ሁለት ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ሦስቱንም ቀይር። ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ያብጡና ይዘጋሉ። ፍሬን ረግጠህ ስትለቅ አንዱ ጎማ ይዞ የሚቀር ከሆነ፣ ወይም ከነዳህ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌላው በጣም ከሞቀ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥረው ቱቦውን ነው። የኋላ ታምቡሮቹን ክፈት። ውስጡ ርጥበት ካለ የፍሬን ዘይት መሆኑንና የዲፈረንሻል ዘይት መሆኑን ለይ። የመጀመሪያው ከፍሬን ሲሊንደሩ፣ ሁለተኛው ከአክሱሉ ማኅተም ነው የሚመጣው። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም፤ ይቀየራል። በመጨረሻ የፍሬን ዘይቱን በሙሉ አውጥተህ አዲስ ዶት 4 ሙላ። የድሮው ውሃ ጠጥቷል፤ ሲሞቅ ይፈላል፤ ፔዳሉም ወለል ይነካል።

ጎማው ላይ የተጻፈውን የዶት ቁጥር አንብብ። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2209 ካለ በ2009 ሃያ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው የተሠራው። እንዲህ ያሉ መኪኖች ብዙ ስለማይነዱ ጎማቸው ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ይደርቃል። ከአሥር ዓመት ያለፈ ከሆነ ጥርሱ አያታልልህ። 185/70 አር14 በቸርኬህ ላይ በደንብ ይቀመጣል። ከዚህ የሰፋ አትፈልግ፤ መሪው ይከብዳል፤ ኋላ ደግሞ ቦዲውን ሊነካ ይችላል። ለአራቱ 450 ዶላር ያህል ያዝ።

ቀጥሎ የምትወደው ክፍል ይመጣል። መታጠፉ።

እዚህ ከሁሉም ርካሹ ግሪስ ነው። የፊት ጎማዎቹ የሚዞሩባቸው ኪንግ ፒኖች በየጎኑ ሦስት የግሪስ ጡት አላቸው፤ በየ3,000 ማይሉ ግሪስ ይፈልጋሉ። ብዙ ባለቤት ይህን አያውቅም። መኪናውን አንስተህ፣ ጎማው ሳይጫን፣ አሮጌው ግሪስ ተገፍቶ እስኪወጣ ምታ። መሪው ወዲያው ይቀልሃል። ግሪሱ አንዱ ጋ አልገባም ካለ ጡቱ ተዘግቷል፤ ቀይረው፤ የሳንቲም ዕቃ ነው።

ከዚያ ስታብላይዘሩ። ከ1977 እስከ 1980 ከተሠሩ መኪኖች የወጣ ያገለገለ ማግኘት ይቻላል። ነገር ግን ብረቱን ብቻ እንዳትገዛ። ያንተ መኪና ሲወጣ ስላልነበረው ማያያዣዎቹም የሉትም። ማያያዣው፣ መያዣውና ጎሚኒው ያለበት ሙሉ ኪት ፈልግ። አብረህ የታችኛውን የፊት ክንድ የውስጥ ጎሚኒዎች ቀይር፤ የኤምጂቢ ጂቲ (ጣሪያው የማይታጠፈው ዓይነት) ቪ8 ጎሚኒ ብለህ ጠይቅ። ፋብሪካው ለቪ8ቱ መኪና የተጠቀመው ጠንከር ያለ ጎሚኒ ነው፤ ባንተም ላይ ይገባል፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ጎሚኒውን የሚያጠብቀውን ብሎን መጨረሻ ላይ የምታጠብቀው መኪናው በጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው። በአየር ላይ እያለ ካጠበቅከው ጎሚኒው ተጣሞ ይቀርና በአጭር ጊዜ ይበጣጠሳል።

ሾክ አብዞርበሮቹ አንተ የምታውቀው ዓይነት አይደሉም። በክንድ የሚሠሩ ናቸው፤ ዘይት የተሞላ የብረት ሳጥን፣ ከጎኑ የሚወጣ ክንድ። የፊቶቹ ክንዶች የላይኛው የፊት እግር ክፍልም ናቸው። ብዙ ሰው እነዚህን አውጥቶ በዘመናዊ ለመተካት ከአምስት መቶ ዶላር በላይ ያወጣል። ችኮላ ነው። የኋላውን ማያያዣ ፍታና ክንዱን በእጅህ ቀስ ብለህ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅስ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል መከላከል አለበት። መሃል ላይ ባዶ የሚሄድ ከሆነ ዘይት ጎድሎታል። አናቱ ላይ ያለውን ብሎን ከመፍታትህ በፊት ዙሪያውን አጽዳ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትገባ ትጎዳዋለች። የሞተር ሳይክል የፊት ሹካ ዘይት ጨምርበት፤ ክንዱን እያንቀሳቀስክ አየሩን አስወጣ። ክንዱ በሚወጣበት ቦታ ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን መሙላት አያድነውም፤ የታደሰ ቀይርለት። አሮጌውን ስትመልስ ዋጋው ይቀንስልሃል።

እነዚህን ጨርሰህ አንድ ወር ንዳው። ከዚያ በኋላ ነው መኪናውን ዝቅ ስለማድረግ የምታስበው። ብዙዎች ሲነዱት እንደማያስፈልግ ያገኙታል። ዝቅ ካደረግከው አንድ ኢንች ያህል ይበቃል፤ የኤምጂቢ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ድሮም ለመሬት ቅርብ ነው። የፊቱን ሞላ ቆርጠህ አታሳጥር፤ አጭሩን ሞላ ግዛ። የተጨመቀ ሞላ ሲያመልጥ ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ ያን ሥራ በፊት ሠርቶ የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ሳይኖር አትጀምረው። ሁሉም ካለቀ በኋላ የፊት ጎማዎቹን አቀማመጥ ለካ። ከፊት ጠርዛቸው በኩል ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ መግባት አለባቸው። በሲባጎና በሜትር ግቢህ ውስጥ ልትለካው ትችላለህ።

ሞተሩ። ጉልበት የለውም ብለሃል። ከፋብሪካው ሲወጣ ከነበረው ጉልበት ስንቱ እንደቀረለት ሳታውቅ ምንም አትግዛለት። የኮምፕሬሽን መለኪያ ትልልቆቹ የመለዋወጫ መደብሮች በማስያዣ ያውሱሃል። ሞተሩን አሙቀው፣ አራቱንም ካንዴላ አውጣ፣ የጋዙን ፔዳል እስከ ታች ያዝ፣ እያንዳንዱን ለካና ጻፍ። ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ የምፈልገው ልዩነቱን ነው። አራቱ እርስ በርሳቸው በ10 በመቶ ውስጥ ከሆኑ የሞተሩ ሆድ ጤነኛ ነው። አንዱ ዝቅ ካለ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረህ ድገም። ቁጥሩ ከወጣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ደክሟል፤ ካልወጣ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው።

ቀጥሎ የቫልቭ ክፍተት። በቀዝቃዛው 0.015 ኢንች፣ ማለትም 0.38 ሚሊሜትር። ስምንት ቫልቭ አለ። ቁጥር 8 ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ቁጥር 1ን ታስተካክላለህ፤ 7 ሲከፈት 2ን፤ ድምሩ ሁልጊዜ 9 ነው። ይህን ይዘህ ልትሳሳት አትችልም። በዚህ ዘመን የሠሩት የሉካስ ኤሌክትሮኒክ ዲስትሪቢውተር ሲሞት ሳይናገር ነው የሚሞተው። ቀላል በሆነው፣ ፑንቲና (ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ማብሪያ) ባለው፣ ወይም አስተማማኝ የኤሌክትሮኒክ ሞጁል በገባለት ዲስትሪቢውተር ቀይረው። ከዚያ ታይሚንጉን (ካንዴላው የሚያበልጭበትን ጊዜ) በታይሚንግ መብራት አስተካክል።

አሁን ወደ ዋናው ተጠርጣሪ እንምጣ። ዜኒት ስትሮምበርግ ውስጥ ከአየሩ ጋር ወደ ላይ የሚነሳ ፒስተን አለ። ፒስተኑን የሚያነሳው ስስ የላስቲክ ዲያፍራም ነው። ላስቲኩ በዕድሜ ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ሞተሩ ይነሳል፣ ዝቅ ባለ ፍጥነት ይሄዳል፣ ጋዝ ስትረግጥ ግን ፒስተኑ ስለማይነሳ መኪናው አይሰጥህም። አንተ የጻፍክልኝ ምልክት ይህን በጣም ይመስላል። የአየር ማጣሪያውን አውጣ፤ ሰው ጋዝ እየሰጠልህ የካርቡራተሩን አፍ ተመልከት። ፒስተኑ ጋዝ ሲሰጠው ካልተነሳ ሞተሩን አጥፋና የላይኛውን ክዳን ብሎኖች ፍታ፤ ዲያፍራሙን ወደ ብርሃን ያዘውና ቀስ ብለህ ወጥረው። ስንጥቁ ያኔ ይታይሃል። አዲሱን ስታስገባ ጠርዙ ላይ ያለችው ትንሽ ምላስ ቦታዋ ላይ መግባት አለባት፤ ካልገባች ፒስተኑ ጠማማ ይቆማል። የምሳ ዋጋ በሚያህል ዕቃ መኪናው ሌላ መኪና ይሆናል። ጥቁር ጭስ የሚያወጣና ቤንዚን የሚበላ ከሆነ ደግሞ በሞተሩ ውሃ ሙቀት የሚሠራው ቾክ ሞተሩ ሞቆም ሥራውን አላቆመም፤ በእጅ በሚሳብ የሚተካ ኪት አለ።

የቤንዚን ቱቦዎቹን ሁሉ አብረህ ቀይር። የዛሬው ቤንዚን ኤታኖል አለበት፤ የድሮውን ጎማ ይበላዋል። ቱቦው የሚንጠባጠብበት ቦታ ከሙቅ ማኒፎልድ አጠገብ ነው። የእሳት ማጥፊያም ከወንበርህ ስር ይኑር።

ዌበሩን ለምን እንደከለከልኩህ ልንገርህ። የዚህ ሞተር ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የላይኛው ክፍል) ለአራት ሲሊንደር ሁለት የአየር መግቢያ ብቻ ነው ያለው፤ ሁለት ሁለት ሲሊንደር አንዱን ይጋራሉ። ትልቁ ባለ ሁለት አፍ ዌበር እያንዳንዱ አፍ ለአንድ ሲሊንደር እንዲሆን የተሠራ ነው። ካምሻፍቱና ኮምፕሬሽኑ ባልተነካ ሞተር ላይ ገንዘብህን ይበላል፤ ጄቶቹን (ቤንዚን የሚያሳልፉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች) በትክክል ለማስተካከል ደግሞ የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን፣ ዳይኖ፣ ኪራይ ሊያስፈልግህ ነው። ይህ ሞተር የሚወደው ሁለት ኤስዩ ነው፤ የተሠራውም ለእሱ ነው። ያገለገለ ጥንድ ከማኒፎልዱ ጋር ከክለብ ሰዎች ዘንድ ይገኛል። ስትገዛ የጋዙን ዘንግ በጣትህ ያዝና ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። ከተንቀሳቀሰ አየር ይስባል፤ ማደሻው ዋጋ ውስጥ ይግባ።

እዚህ ላይ ሕጉን እይ። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ከ25 ዓመት በላይ የሆነ መኪና የጭስ ምርመራ አይጠየቅም። ካሊፎርኒያ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ እዚያ ነጻ የሚሆነው እስከ 1975 የተሠራው ብቻ ነው፤ ያንተ በአንድ ዓመት ያመልጠዋል። ምርመራ የለም ማለት ግን ተፈቅዷል ማለት አይደለም። የፌዴራሉ የንጹህ አየር ሕግ የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃ መንቀልን ይከለክላል። ለዚህም ነው መጀመሪያ ያለውን ካርቡራተር አድን የምልህ። ወደ ኤስዩ ብትሄድም የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃውን አትንቀለው። የአንቲክ (የአሮጌ መኪና) ታርጋ ብታወጣ ደግሞ መኪናውን የየዕለት ሥራ መሄጃ ማድረግ አይፈቀድልህም፤ ኢንሹራንሱንም በዚያው ልክ ነው የምትገዛው።

የሞተር ዘይት ስትገዛ ዚንክ የበዛበት 20ደብሊው-50 ፈልግ። የዚህ ሞተር ካምሻፍት በቀጥታ ታፔቱን እየፋተገ ነው የሚሠራው፤ ለአዲስ መኪና የተሠራው ዘይት ዚንኩ አነስተኛ ነው።

ቪ8ቱ ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ፋብሪካው ራሱ ከ1973 እስከ 1976 በሮቨር 3.5 ሊትር ቪ8 ጂቲ ሠርቷል፤ 2,591 ብቻ ናቸው። ሞተሩ አሉሚኒየም ስለሆነ ከብረቱ አራት ሲሊንደር ብዙም አይከብድም፤ ያንተ ዓይነት የኋለኞቹ ቦዲዎችም ለእሱ ይመቻሉ። ነገር ግን ሞተሩ ሲገባ ራዲያተሩ፣ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉ፣ ጭስ ማውጫው፣ ፍሬኑ ተራ በተራ ይከተሉታል። 2,500 ዶላር የመጀመሪያውን ደረጃ እንኳ አይሸፍንም። በየጋራዡ ተበትነው አቧራ የሚጠጡት ኤምጂዎች አብዛኞቹ እንዲህ ነው የጀመሩት። ያንተ ዛሬ ይሄዳል። የሚሄድ መኪና እየሄደ ይሻሻል።

ይልቅ ኦቨርድራይቭ፣ ማለትም በፍጥነት ስትነዳ የሞተሩን ዙር የሚቀንሰው ተጨማሪ ማርሽ፣ እንዳለው እይ። ያንተ ዘመን መኪና ላይ ማብሪያው መሪው አጠገብ ነው። ካለውና አልሠራ ካለ ካምቢዮውን ከማውረድህ በፊት ሽቦውን ተከተል፤ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ማያያዣ ነው። ሲሠራ በ65 ማይል ላይ የሞተሩ ዙር ከ3,600 አካባቢ ወደ 3,000 ይወርዳል። ለሀይዌይ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ስለ ኤሌክትሪኩ ብዙ ወሬ አለ። አብዛኛው ችግር አፈር የሚባለው የመሬት ሽቦ ነው። ጥቁሮቹን ሽቦዎች በየቦዲው ከተያዙበት ፍታ፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳ፣ ግሪስ ቀብተህ መልስ። ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደውን ወፍራሙን አትርሳ። ቡናማዎቹ ሽቦዎች በፊውዝ አያልፉም፤ ስለዚህ ማንኛውንም ሥራ ስትጀምር ከወንበሩ ኋላ ያለውን የባትሪውን የመሬት ሽቦ ፍታ። ለፊት መብራት ሁለት ሪሌይ (ዋናውን ኤሌክትሪክ በማብሪያው ምትክ የሚያሳልፍ ዕቃ) ጨምር። መብራቱ ይደምቃል፤ ማብሪያውም አይቃጠልም።

አንድ ነገር ከመጀመርህ በፊት ቁልፎችህን እይ። የዚህ መኪና ብሎኖች በአብዛኛው በኢንች ናቸው። «ይቀራረባል» ብለህ የሚሊሜትር ቁልፍ ከጫንክ የብሎኑን ጭንቅላት ታሞልቀዋለህ። ዕቃ ከሞስ ሞተርስ ካታሎግ ላይ በሥዕሉ ለይተህ ታዛለህ፤ ያገለገለውን ግን ከሰው ፈልግ። በዋሽንግተን ዙሪያ የኤምጂ ባለቤቶች ክለብ አለ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ካርላይል ከተማ በየጊዜው የሚደረገው የአሮጌ መኪና ዕቃ ገበያም ከአንተ ሩቅ አይደለም፤ ጥሬ ገንዘብ ይዘህ በማለዳ ሂድ። ሌላም ሀብት በአጠገብህ አለ። አዲስ አበባ ቮልስና ፊያት 600 እየፈቱ ያደጉ ትልልቅ መካኒኮች አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሞልተዋል። ዛሬ ታክሲ ይነዱ ወይም ጡረታ ይውጡ ይሆናል፤ ፑንቲና ማስተካከልና ካርቡራተር በጆሮ ማረም ግን ከእጃቸው አልወጣም። እዚህ የሠለጠነ ወጣት መካኒክ ብዙው ይህን አይቶት አያውቅም። አንዱን አጎት ቡና ጋብዘህ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ግቢህ አምጣ። ደስ ብሎት ይመጣል።

ሥራውን አንድ በአንድ ሥራ። አንዱን ጨርሰህ ንዳው፤ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው እለፍ። አራት ነገር በአንድ ቀን ቀይረህ አዲስ ድምፅ ከሰማህ ከየትኛው እንደመጣ አታውቀውም።

የሚያታው ወንበር፦ አዎ፣ ይገባል። ጠባብ ነው፤ የሐዲዱ ቀዳዳዎች ስለማይገጥሙ ማስማሚያ ያስፈልገዋል፤ ከወለሉ ጋር የሚያያዝበት ቦታም ዝገት የሌለበት መሆን አለበት። ከዕቃ ማራገፊያ ግቢ በርካሽ ይገኛል። የመጨረሻው ሥራህ ይሁን።

ይህ ቅዳሜ ማግኔቱንና የኮምፕሬሽን መለኪያውን ይዘህ ጀምር። የአራቱን ሲሊንደሮች ቁጥር፣ በቴፕ ምልክት ያደረግክባቸውን ቦታዎች ፎቶና የዲያፍራሙን ሁኔታ ላክልኝ። ሞተሩ ላይ የመደብከው 500 ዶላር እንዴት እንደሚከፋፈል ያንን አይቼ እነግርሃለሁ።